በላጋርዲያ ኮሌጅ የሚገኘው ኢንተርናሽናል ሃይስኩል

ኢንተርናሽናል ሃይስኩል በኒውዮርክ ኩዊንስ፣ በላጋርዲያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። የሚያስተምረው ለአገሩ አዲስ የሆኑትን ነው። ለመግባት ሲያመለክቱ አሜሪካ ከመጡ ከአራት ዓመት ያልበለጣቸውን፣ እንግሊዝኛ ገና በመማር ላይ ያሉ ወጣቶችን ይቀበላል።

ከዚያ በፊት መንገዱን ሕግ ጠርጎለታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 በሳንፍራንሲስኮ ቻይንኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ጉዳይ ወሰነ። ቋንቋው ለማይገባው ልጅ እንደሌላው ተማሪ ያንኑ መጽሐፍና ያንኑ መምህር መስጠት እኩልነት አይደለም አለ።

ላጋርዲያ ኮሌጅ ደግሞ ትምህርትን ከሥራ ጋር በማጣመር የታወቀ ነበር። በ1974 ግቢው ውስጥ ሚድል ኮሌጅ የተባለ ሃይስኩል ከፈተ። ኢንተርናሽናል የዚያ ታናሽ ወንድም ነው። የመጀመሪያው ርዕሰ መምህር ኤሪክ ናዴልስተርን ነበሩ።

የማስተማር ዘዴው የተለየ ነው። ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ችሎታ ተለይተው አይመደቡም። ጎበዙም ጀማሪውም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሠራል። አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ነገሩን በራሳቸው ቋንቋ ተከራክረው ይጨርሱና ውጤቱን በእንግሊዝኛ ያቀርባሉ። የሒሳብ መምህሩም የቋንቋ መምህር ነው። አንዳንድ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ደጋፊዎች ግን ቋንቋውን የሚያውቅ መምህር ከሌለ የልጁ የአፍ መፍቻ ቋንቋ አያድግም ይላሉ። ስጋታቸው ተገቢ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የብዙ አገር ልጆች በሚቀመጡበት ክፍል ለሁሉም ቋንቋ መምህር ማግኘት አይቻልም።

ሥራ ልምምዱ የትምህርት ቤቱ ኩራት ነው። ተማሪው በትምህርት ሰዓት ወጥቶ በሆስፒታል፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወይም በቢሮ ይሠራል፤ ይህም እንደ ትምህርት ይያዝለታል። ሲቪ ማዘጋጀት፣ ለኢንተርቪው መቅረብ፣ ሲያረፍድ ቀድሞ መደወል፣ ያልገባውን አለቃውን መጠየቅ ይለምዳል። እንግሊዝኛውም እዚያ ይፈታል። ክፍል ውስጥ ዝም የሚል ልጅ የእናቱን ቋንቋ ከሚናገር ታካሚ ፊት ሲቆም፣ ሁለት ቋንቋ ማወቁ ጉድለት ሳይሆን ሙያ ይሆንለታል።

ምረቃውም በአብዛኛው በፖርትፎሊዮ ነው። ተማሪው ሥራዎቹን አቅርቦ በመምህራን ፊት ያስረዳል። ግዛቱ በ1995 ለእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ሪጀንትስ ከሚባሉት የግዛቱ የሃይስኩል ፈተናዎች ከአብዛኞቹ ነፃነት ሰጥቷል።

በ1993 ማንሃተን፣ በ1994 ብሩክሊን እህት ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በ2004 ሁሉም በአንድ ድርጅት ታቀፉ። ለእኛ ማኅበረሰብ ቅርብ የሆነው በ2012 በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ በዛሬው አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል ውስጥ በዚሁ ዘዴ የተጀመረው አካዳሚ ነው። በከተማዋ ትምህርት ቤቶች አማርኛ በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ነው።

አዲስ የመጡ ወላጆች ይህን ይወቁ። ከ1982ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ የመኖሪያ ወረቀት የለውም ተብሎ ልጅን ከመንግሥት ትምህርት ቤት መመለስ አይቻልም። በኒውዮርክ ደግሞ ሃይስኩል ያልጨረሰ ወጣት 21 ዓመት እስኪሞላው በነፃ የመማር መብት አለው።