ድሬዳዋ፦ ባቡር የወለዳት ከተማ

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ባቡር ተራራ መውጣት ስለከበደው ነው። ቀልድ ይመስላል፤ ግን የሆነው እንዲያ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐዲዱን ከጅቡቲ ሐረር ለማድረስ ነበር። ሐረር ያለችው ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲሆን ድሬዳዋ ያለችበት ሜዳ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ያንን አቀበት ማውጣት ብዙ ገንዘብ ይበላ ነበር። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ቆመ። ዳግማዊ ምኒልክ አዲሱን ሰፈር «አዲስ ሐረር» ብለውት ነበር። ስሙ አልሰነበተም። ድሬዳዋ የሚለው ስም ከየት መጣ የሚለውን ኦሮሞውም በቋንቋው፣ ሶማሌውም በቋንቋው ይተረጉመዋል። እኔ በመሃል አልገባም።

የሐዲዱን ፈቃድ ምኒልክ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኖ አብሮት ነበር። ሥራው በ1890 ተጀመረ። ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በታኅሣሥ 1895 ድሬዳዋ ገባ። ከዚያ ሐዲዱን የሚያሠራው ኩባንያ ገንዘብ አጠረውና ከሰረ። በሌላ ኩባንያ እጅ ሥራው ቀጥሎ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው።

ለኩባንያው ኪሳራ የነበረው ነገር ለድሬ ሲሳይ ሆነላት። ለዓመታት የመስመሩ ጫፍ እሷ ነበረች። ከጅቡቲ የመጣ ጨርቅና ሸቀጥ እዚህ ከፉርጎ ይወርዳል፣ በግመልና በበቅሎ ይጫናል። የሐረር ቡናና ቆዳ ደግሞ ከተራራው ወርዶ እዚህ ባቡር ይሳፈራል። ዕቃ ከአንዱ ማጓጓዣ ወደ ሌላው ሲዛወር መጋዘን ይፈልጋል። ተሸካሚ ይፈልጋል። የሚቆጥር፣ የሚያበድር፣ ቀረጥ የሚሰበስብ፣ ለነጋዴው አልጋና ምግብ የሚያቀርብ ይፈልጋል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱና የመኑ ድሬ የመጣው ለዚህ ነው። ማንም «ኑ ኢንቨስት አድርጉ» ብሎ አልጠራቸውም። የሐረር ነጋዴም ቀስ በቀስ ተከትሎ ወረደ።

ከተማዋ ሁለት ሆና አደገች። ከደቻቱ ወዲህ ኩባንያው ያቀደው ከዚራ ነው፤ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ዛፍ ያጠላበት ጎዳና፣ በረንዳ ያለው ቤት። ከወንዙ ወዲያ ገበያው ያለበት መጋላ ነው። የከዚራን ጥላ በቀትር ሙቀት ያየ ሰው ለምን እንደምንኮራበት ይገባዋል።

ከሐዲዱ እኩል መነገር ያለበት ግን የምድር ባቡሩ ጋራዥ ነው። እዚያ ሎኮሞቲቭ ይፈታ፣ ይጠገን ነበር። መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ አይጠበቅም ነበር፤ ብረት በሚቀርጸው ማሽን፣ ቶርኖው ላይ፣ ተቆርጦ ይሠራ ነበር። አባት ልጁን ያስቀጥር፣ ልጁ ሙያውን ይለምድ፣ ፈረንሳይኛም በዚያው ይለቅም ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የጨርቃጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካ ለመትከል ድሬ ስትመረጥ ሐዲዱ ብቻ አልነበረም የሳባቸው። ለሲሚንቶው የኖራ ድንጋይ በቅርብ አለ። ማሽን የሚያውቅ እጅም አለ። የሲሚንቶ ፋብሪካው በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው ይባላል፤ እኔም አምናለሁ።

በ1969 የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ሊይዝ ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ። የባቡሩ ድልድዮች ግን ፈርሰው መስመሩ ተቋርጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመድከም ነው። ሐዲዱ አረጀ። ከ1990 ጀምሮ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ወደ ጅቡቲ ሲዞር ጭነቱን የወሰደው ባቡሩ ሳይሆን የጭነት መኪናው ነው። የአዲስ አበባው መስመር ሲቆም በየጣቢያው ሻይ፣ ፍራፍሬና ዳቦ ትሸጥ የነበረችው ሴት ገበያዋ አብሮ ቆመ። በባቡሩ ይመጣ የነበረው ኮንትሮባንድም ሌላ መንገድ ፈለገ። ይህንን የድሬ ሰው በሹክሹክታ ሳይሆን እየሳቀ ነው የሚያወራው።

ከተማዋ በ1996 በቻርተር ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ሆነ። የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች የይገባኛል ጥያቄ አሁንም ስስ ጉዳይ ነው።

መሠረተ ልማት ሲባል መንገድና ሐዲድ ብቻ የሚመስለው ሰው የሐምሌ 1998ን ሌሊት ያስታውስ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ያን ሌሊት ከተራራው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገደለ፤ ቤትና ሱቅ ጠረገ። ከዚያ በኋላ ነው የጎርፍ መከላከያ ግንብ ቁም ነገር የሆነው። ውኃውም ሌላ ጣጣ አለው። ከጉድጓድ የሚወጣው የድሬ ውኃ ጠንካራ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ቦይለር (የእንፋሎት ማፍያ) ያለው ፋብሪካ ይህን ሳያስብ ከመጣ ዋጋውን ይከፍላል።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ተመረቀ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። እንደ ድሮው ከፉርጎ ወርዶ በእግር ከዚራ መግባት የለም። ጅቡቲ ድንበር ላይ ወዳለችው ደወሌ የሚወስደው የክፍያ መንገድም ተሠርቷል። ደረቅ ወደብ አለ። በአባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ስም የተሰየመው አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ይህ ሁሉ እያለ አንድ ችግር ቀረ፦ ድሬ አሁን ጫፍ አይደለችም፣ መተላለፊያ ናት። ኮንቴይነሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ሳይቆም አልፏት ሊሄድ ይችላል።

የነፃ ንግድ ቀጠናው የመጣው እዚህ ላይ ነው። በነሐሴ 2014 ተመረቀ፤ ለአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አስመጪው ዕቃውን እዚያ ሲያስገባ ቀረጥ አይከፍልም። ያስቀምጠዋል፣ ይለየዋል፣ እንደገና ያሽገዋል። ቀረጥ የሚከፍለው ዕቃው ወደ አገር ውስጥ ገበያ ሲወጣ ነው፤ መልሶ ወደ ውጭ ከላከው ደግሞ ቀረጡ ይቀርለታል። ባቡሩ በ1895 እዚህ ሲቆም ዕቃው የወረደው ሌላ መሄጃ ስላልነበረው ነው። አሁን እንዲወርድ በቀረጥ ደንብ ይባበላል።