የጓሮ የላስቲክ ቤት በመሃል አዲስ አበባ

የጓሮ የላስቲክ ቤት ማለት በቅስት በታጠፈ ቱቦ፣ በብረት ወይም በባህር ዛፍ አጠና ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ተወጥሮ አትክልት የሚበቅልበት፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት መጠለያ ነው። በአበባ እርሻዎች አካባቢ «ግሪንሃውስ» ይሉታል። «የላስቲክ ቤት» የሚለው ስም በአዲስ አበባ ጆሮ ሌላም ትርጉም አለው፤ ቤት ያጣ ሰው ጥግ ይዞ ወጥሮ የሚያድርበትም በዚሁ ስም ይጠራል። ይህ የስም መደራረብ ቀልድ ብቻ አይደለም፤ ከታች እንደሚታየው ከደንብ አስከባሪ ጋር ያነጋግራል።

ስለ ጓሮው ላስቲክ ቤት በአማርኛ የተጻፈ ብዙ ነገር የለም። ይህ ዳሰሳ የተደገፈው በአበባ እርሻዎች ልምድና ከቀበና እስከ ጉለሌ ባሉ ጥቂት ግቢዎች ውስጥ በታየው ነው፤ አጠናቃሪውም የአንዱ ባለቤት ስለሆነ አድልዎ ቢገኝበት አይገርምም።

የአየሩ ጠባይ

መሃል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 እስከ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ስለሆነች የቀኑ ሙቀት ከወር ወር ብዙ አይለያይም፤ የሚለያየው ዝናቡና የሌሊቱ ብርድ ነው። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፣ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ከህዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይቀዘቅዛል።

በብርድ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ላስቲክ ቤትን የሚያወድሱት ስለሚያሞቅ ነው። እዚህ ሙቀቱ ሁለተኛ ነገር ነው። ማሞቂያ የሌለው ባለ አንድ ንብርብር ላስቲክ ቀን ያጠራቀመውን ሌሊት ቶሎ ይለቀዋል፤ ለንጋቱ ብርድ የሚያተርፈው አንድ ሁለት ዲግሪ ነው፣ አንዳንዴ እሱም የለም። ለአዲስ አበባ ጓሮ ላስቲክ ጋቢ ሳይሆን ጃንጥላ ነው። ክረምት ላይ ደጅ የተተከለ ቲማቲም ቅጠሉ ለቀናት ሳይደርቅ ሲቆይ የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ጠቁሮ ያልቃል። ድንችን የሚፈጀውም ይኸው በሽታ ነው፤ ቅጠሉ ደረቅ ከሆነ ግን መያዣ አያገኝም። በረዶም አለ። የአንድ ከሰዓት በረዶ ቆስጣውንና ሰላጣውን ወንፊት አድርጎት ይሄዳል።

ከየት መጣ

ፖሊኢታይሊን የሚባለው የላስቲክ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1933 በእንግሊዝ ተገኘ። በመስታወት ፋንታ ግልጽ ፕላስቲክ ለአትክልት ቤት የዋለው እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ፣ በኤመሪ ኤመርት እጅ ነው፤ ለመስታወት የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው ነው ይባላል።

ወደ አዲስ አበባ ያደረሰው መንገድ ግን አበባ ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በመናገሻ፣ በደብረ ዘይትና በዝዋይ የጽጌረዳ እርሻዎች በፍጥነት ተስፋፉ፤ አሥር ዓመቱ ሳያልቅ አገሪቱ ከኬንያ ቀጥላ ከአፍሪካ ሁለተኛ አበባ ላኪ ለመሆን በቃች። ከእነዚህ ሁሉ ለመሃል ከተማ ሰው ትምህርት ያለው ሆለታ ነው፤ ከፍታውም ብርዱም ከአራት ኪሎ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ጠዋት ወደዚያ ሲኬድ ከመንገዱ ዳር እስከ ኮረብታው ሥር ነጭ ጣሪያ ተደርድሮ፣ ከላዩ ጤዛው ሲያበራ ይታያል። ደጋ ላይ የጽጌረዳ ትልቁ ራስ ምታት ሌሊት ከላስቲኩ ውስጠኛ ፊት ላይ የሚንጠባጠበው እርጥበትና እሱ የሚያመጣው ግራጫ ሻጋታ ነው። ስለዚህ የእነዚያ ቤቶች ጣሪያ ጫፉ ላይ መተንፈሻ ይተውለታል። ዝናብ ከልክሎ አየርን ማስገባት የሚለው ብልሃት በጓሮም ዋናው ነገር ነው። ላስቲክ መወጠር፣ ነጠብጣብ መስኖ መዘርጋትና ቅርንጫፍ መግረዝ በነዚህ እርሻዎች ሠርተው በተመለሱ ሰዎች እጅ ወደ ከተማ ገብቷል፤ በተለይ በሴቶች እጅ፣ ምክንያቱም አብዛኞቹ የአበባ ሠራተኞች ሴቶች ናቸው። እርሻዎቹ በኬሚካልና በሐይቅ ውሃ አጠቃቀም የሚወቀሱበት ጉዳይ አከራካሪ ነው፤ የእጅ ሙያውን ስላስተማሩ ግን ሊመሰገኑ ይገባል።

የግቢው ታሪክ ባጭሩ እንዲህ ነው። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ወደ መንግሥት ሲያዞር ለመኖሪያ የሚፈቀደው ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ሆነ። ብዙው የአራዳ ግቢ የቀበሌ ቤት ተከራዮች የጋራ ሆነ፣ ጓሮው ጌሾ፣ ጤና አዳምና በሶብላ ቀረለት። በ2015 ዓ.ም. ህዳር የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የከተማ ግብርናን መልሶ መነጋገሪያ አደረገው። ከ2016 ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳም ከካሳንቺስም ብዙ አሮጌ ግቢዎች ተነሥተዋል።

ቦታ መምረጥና ጎረቤት

መመሪያዎች ቤቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ ወይስ ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚለው ይከራከራሉ። በአዲስ አበባ ይህ ብዙ አያጣላም፤ ፀሐይ በዓመት ሁለቴ አናት ላይ ትቆማለች፣ ሰኔ ላይ በትንሹ ወደ ሰሜን፣ ታኅሣሥ ላይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። የሚያጣላው የጎረቤት ጂ ፕላስ አራት ነው። ከመቆፈር በፊት አንድ ቅዳሜ ወንበር አውጥቶ ጥላው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት የት የት እንደሚሄድ በኖራ መሬት ላይ ማስመር ከየትኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ የማያገኝ ቦታ ለቲማቲም አይሆንም፤ ለጎመንና ለሰላጣ ይበቃል።

በአንድ ቀን ተሠርቶ የሚያድር ነገር ሁሉ በዚህ ከተማ የጨረቃ ቤት ይመስላል። የራሱ ካርታ ያለውም ሆነ የቀበሌ ቤት ተከራይ አስቀድሞ ወረዳውን ማናገሩ ከኋላ ማስረዳቱን ያስቀራል። በጋራ ግቢ ደግሞ ከወረዳው በፊት የሚጠየቁት እማማዎቹ ናቸው፤ ልብስ ማስጫውን ወይም በርበሬ ማድረቂያውን የወሰደባቸው ላስቲክ ቤት ዕድሜ የለውም።

አሠራር

ለመሃል ከተማ ጓሮ ልክ ሆኖ የተገኘው ወርዱ 3፣ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ ነው። ይህ መጠን የተመረጠው ከገበያው ልክ ጋር ስለሚገጥም ነው። የፕላስቲክ ቱቦ በ6 ሜትር ይሸጣል፤ 6 ሜትሩ ሁለት ጫፉ 3 ሜትር ተራርቆ ሲታጠፍ መሃሉ ከመሬት 2 ሜትር ያህል ይነሣል፣ ሰው ራሱን ሳይመታ ይቆማል። በየሜትሩ አንድ ቅስት ቢቆም ለ5 ሜትር ስድስት ቅስት ያስፈልጋል፤ ስድስት ቅስት አሥራ ሁለት እግር አለው። ለየእግሩ ችካል የሚሆነው ፌሮ (የግንባታ ብረት) ደግሞ የሚሸጠው በ12 ሜትር ነው። አንዱ ፌሮ በየሜትሩ ሲቆረጥ ልክ አሥራ ሁለት ችካል ይወጣዋል፣ ቁራጭ እንኳ አይተርፍም። (ፌሮ፣ ሞራሌ፣ ላሜራ፣ ሶሌታ፦ የግንባታው ቋንቋ ዛሬም ጣሊያንኛ ነው።) ችካሉ ግማሹ መሬት ይገባል፣ ግማሹ በቱቦው ውስጥ ይቀራል። ባለ 10 ወይም ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ይበቃል።

ቅስቶቹ ከቆሙ በኋላ በአናታቸው በኩል አንድ ረጅም ቱቦ ወይም አጠና ተጋድሞ ከእያንዳንዳቸው ጋር ይታሰራል። በአራቱም ማዕዘን በሰያፍ ድጋፍ ካልተደረገ ቤቱ በነፋስ እንደ አኮርዲዮን ይተጣጠፋል። በርና መቃኑ ከሞራሌ ይሠራል። በር በሁለቱም ጫፍ መኖር አለበት፤ አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ምድጃ ነው። የባህር ዛፍ አጠናም ያገለግላል፣ ርካሽም ነው፤ ነገር ግን መሬት የገባው ክፍሉ በምስጥና በእርጥበት ቶሎ ይበሰብሳል፣ እንጨቱ ስንጥርም ላስቲክ ይበሳል።

ላስቲክ ሲገዛ ጥንቃቄ የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ። ለሶሌታ (ለወለል ኮንክሪት) ሥር የሚነጠፈው ግልጽ ላስቲክ በዓይን ሲታይ ከግሪንሃውሱ አይለይም፣ ዋጋውም ይማርካል። የፀሐይ ጨረር መከላከያ ስለሌለው ግን ጥቂት ወር ሳይቆይ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰነጣጠቃል። ጨረሩ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚበረታ በአዲስ አበባ ጉዳዩ ይብሳል። የሚፈለገው 200 ማይክሮን ውፍረት ያለው፣ ጨረር እንዲቋቋም የተሠራ ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ ሦስት ዓመት ያህል ይቆያል። ወርዱ 7 ሜትር ቢሆን 6ቱ ቅስቱን ይሸፍናል፣ በየጎኑ የሚተርፈው ግማሽ ግማሽ ሜትር ቦይ ውስጥ ይቀበራል። ነጩ የፒቪሲ ቱቦ በፀሐይ ሲሞቅ የነካውን ላስቲክ ስለሚጎዳ ቅስቱ ላይ ጨርቅ መጠቅለል ወይም ነጭ ቀለም መቀባት ይመከራል።

የመወጠሪያው ሰዓት ረፋዱ ነው፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት፤ ላስቲኩ ሞቆ ለስልሷል፣ የከሰዓቱ ነፋስ ገና አልተነሣም። በሙቀት የተወጠረ ላስቲክ ማታ ሲቀዘቅዝ እንደ ከበሮ ይጠብቃል። ከሁለት ሰው በታች አይሞከርም። አጠናቃሪው ለብቻው ሞክሮ ላስቲኩ ከነእሱ ወደ ጎረቤት ቆርቆሮ ሊሄድ ነበር።

አፈርና ውሃ

የመሃል ከተማ ጓሮ ሲቆፈር የሚወጣው አፈር ሳይሆን ጡብ፣ ኖራና የጠርሙስ ስባሪ ነው። መደቡን በድንጋይ ወይም በጣውላ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ቀይ አፈርና የበሰለ ፍግ መሙላት ይቀላል።

ላስቲክ ቤት ውስጥ አይዘንብም። ነገሩ ግልጽ ይመስላል፤ ሐምሌ ላይ ውጪው ጭቃ ሆኖ ውስጡ ችግኝ በጥም ሲሞት ያየ ግን ብዙ ነው። 15 ካሬ ሜትር መሬት የሸፈነ ጣሪያ ከ1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 15 ሊትር ይሰጣል፤ 40 ሚሊ ሜትር በጣለ ቀን 600 ሊትር ይሆናል። በሁለቱ ጎን በላስቲክ የተነጠፈ ጠባብ ቦይ ይህን ወደ በርሜል ወይም ወደ ሮቶ ቢወስደው የቧንቧ ፈረቃን ያስረሳል፤ ካልወሰደው የጎረቤትን ግንብ ሥር ያጥባል። ሃያ ቲማቲም በፀሐይ ቀን አንድ ሁለት ጄሪካን ይጠጣል። ታችኛው ተቆርጦ ክዳኑ የተበሳና ከግንዱ አጠገብ የተተከለ ሃይላንድ ቅጠሉን ሳያረጥብ ሥሩን ያጠጣል።

አያያዝ

ቲማቲም፣ ቃሪያና ሰላጣ ይስማሙታል። ጎመን ደጅም ስለሚበቅል ቦታ ማባከን ነው፣ ቢሆንም ብዙዎች መትከላቸውን አልተዉም። ፀሐይ ሲወጣ ሁለቱም በር ይከፈታል፤ ውስጡ ከ35 ዲግሪ ካለፈ የቲማቲም አበባ ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። አበባውን የሚያራግፍ ነፋስ ስለማያገኘው፣ ዱቄቱ ረግፎ ፍሬ እንዲቋጥር ረፋድ ላይ ግንዱን በጣት ነካ ነካ ማድረግ ይጠቅማል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ አገር ውስጥ ለገባው ቱታ አብሶሉታ ለሚባለው ቅጠል ሰርሳሪ ደግሞ በክፍቱ ላይ ጥቅጥቅ መረብ መስፋት ያስፈልጋል። ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ በየወቅቱ በአንድ መደብ መደጋገም አይገባም።

ከዓመቱ ቀን ሁሉ ለላስቲክ ቤት የሚከፋው ህዳር 12 ነው። በ1911ዱ የህዳር በሽታ ምክንያት የመጣው ህዳር ሲታጠን እስከ ዛሬ በየደጁ ቆሻሻ ያስቃጥላል፤ ፍንጣሪ ላስቲኩን ይበሳል፣ ጥላሸቱም ብርሃን ይከለክላል። ዋዜማውን ጎረቤት ማስጠንቀቅ፣ በማግስቱም በለስላሳ መጥረጊያና በሳሙና ውሃ ጣሪያውን ማጠብ የተለመደ ነው። የተበሳውን ቦታ በግልጽ ፕላስተር ከሁለቱም ፊት መለጠፍ ይቻላል። ሦስተኛው ዓመት ላይ ላስቲኩ ሲወርድ ጉዳት ያልደረሰበት ክፍል ለችግኝ መደብ መሸፈኛ ይሆናል፤ ቅስቱ ግን ባለበት ቆሞ አዲሱን ይጠብቃል።