ጎጃም ውስጥ ሚሲዮን ቤት ማረፍ

ከውጭ አገር መጥተው በበጎ ፈቃድ የሚያስተምሩ ወይም ጤና ጣቢያ የሚያገለግሉ ሰዎች ዕረፍት ሲያገኙ ሁሉም ሆቴል አይገቡም። የካቶሊክ ካህናት የሚኖሩበትን ሚሲዮን ቤት ደጅ የሚያንኳኩም አሉ። ጎጃም ደግሞ የእንግዳን ነገር ያውቃል። መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለን መንገደኛ ማሳደር የቆየ ወግ ነው። ሚሲዮናውያኑ ራሳቸው እዚህ አገር የገቡት በእንግድነት ነው።

ታሪኩ ግን ቀላል አይደለም። ኢየሱሳውያን (ጄስዊት) ከሚባለው የካቶሊክ ካህናት ማኅበር የሆኑት ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሰከላ ሄደው የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን ያዩት እ.ኤ.አ. በ1618 ነው። በኋላ ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ አገር ታመሰ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ስለዚህ «ሚሲዮን» የሚለውን ስም ሲሰማ ፊቱ የሚጠቁር ሽማግሌ ቢያጋጥም አይገርምም። ሚሲዮን ቤት ያረፈ እንግዳ ይህን ማወቅ አለበት ባይ ነኝ። ረቡዕና ዓርብ ሰው ፊት ሥጋ አለመብላት፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ማውለቅ ትንሽ ነገር ይመስላል። ጎጃሜ ግን ልብ ይለዋል።

ዛሬ አካባቢው በባሕር ዳር-ደሴ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ሥር ነው። ሀገረ ስብከቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን መንበሩ ባሕር ዳር ነው። በቀድሞው የጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር የነበረው መተከል አሁን ቤንሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ነው። እዚያ ግልገል በለስ አካባቢ ኮምቦኒ የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ሚሲዮናውያን በጉሙዝ ሕዝብ መካከል ይሠራሉ። ከባሕር ዳር የሚነሳ ሰው በእንጅባራና በቻግኒ አድርጎ ይወርዳል። እንጅባራ ላይ የለበሰውን ጃኬት ቆላው ሲደርስ ያወልቀዋል።

በጎ ፈቃደኞች አዲስ አይደሉም። ፒስ ኮር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃድ ድርጅት መምህራን ኢትዮጵያ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ትምህርት ቤት ክረምት ሲዘጋ፣ ወይም ለገናና ለፋሲካ፣ የት ልሂድ የሚለው ጥያቄ ያኔም ነበር፣ አሁንም አለ።

የሚሲዮን ቤት ኑሮ ቀለል ያለ ነው። ማለዳ ቅዳሴ አለ። ቁርስ ተበልቶ ሁሉም ወደየሥራው ይሄዳል፣ እንግዳውም መጽሐፉን ይዞ በረንዳ ላይ ይቀራል። ጨዋታው የሚደራው እራት ላይ ነው። አንድ ቀን ሽሮ፣ አንድ ቀን ፓስታ ይቀርባል፤ ከዚያ ቡና። አባ የአካባቢውን ቋንቋ ያውቃሉ፤ የመንደሩን ሰው ልቅሶና ሠርግ ደርሰዋል። መንገድ ላይ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ሲባል ለከረመ ወጣት፣ ብዙ ሳይጠይቅ ሁኔታውን ከሚረዳለት ሰው ጋር ማዕድ መቅረብ ራሱ ዕረፍት ነው። ከሆቴል የሚለየውም ይኸው ነው። ሴቶች ሲሆኑ እንደ ቦታው ሲስተሮች (የካቶሊክ ሴት መነኮሳት) ዘንድ ሊያርፉ ይችላሉ።

ቤቱ የሥራ ቤት መሆኑ ግን መረሳት የለበትም። ሳያስታውቁ መድረስ፣ አምሽቶ መግባት፣ ለምግቡ ምንም ሳያዋጡ መሄድ ነውር ነው። መንገዱንም ማጣራት ያስፈልጋል። መተከል እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 ከባድ ግጭት አይቷል፤ ጎጃምም ከ2023 ወዲህ ሰላም አጥቷል። አስቀድሞ ስልክ መደወል ግድ ነው። አባ «ለጊዜው ይቅርባችሁ» ካሉ መቅረት ነው፤ የመንገዱን ወሬ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ብዙ የለም።