የጥጃን አባት በዲኤንኤ መለየት ምንድን ነው?

ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ አካባቢ የወተት ላም የሚያረባ ሰው ይህ ችግር አይጠፋውም። ላሟ ጠዋት የድራት ምልክት ታሳያለች፤ አዳቃዩ ተጠርቶ ከሌላ ኮርማ በተወሰደ ዘር ያዳቅላታል። ማታ ደግሞ የጎረቤት ኮርማ አጥር ጥሶ ይገናኛታል። ከዘጠኝ ወር በኋላ ጥቁርና ነጭ ጥጃ ትወለዳለች። ሁለቱም ኮርማዎች ጥቁርና ነጭ ናቸው። አባቷ የትኛው ነው? በመልክም በቀን ቆጠራም አይለይም።

በዲኤንኤ ግን ይለያል። ዲኤንኤ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ በሴሎች ውስጥ ያለ የዘር ጽሑፍ ነው። የከብት ዲኤንኤ ክሮሞዞም በሚባሉ 30 ጥንድ ክሮች ላይ የተደረደረ ነው። ፊደሎቹ አራት ናቸው፦ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ። ጥጃዋ በየቦታው አንድ ፊደል ከእናቷ፣ አንድ ከአባቷ ትወርሳለች። አንድ ኮርማ በአንድ ቦታ ላይ ኤኤ ከሆነ ለልጁ ከኤ ሌላ የሚሰጠው የለም። ጥጃዋ እዚያው ቦታ ላይ ጂጂ ከሆነች አባቷ እሱ አይደለም ማለት ነው። በአንድ ቦታ ብቻ ግን አይፈረድም፤ የላብራቶሪ ስህተት አለ፣ አልፎ አልፎም ሚውቴሽን (ፊደሉ ራሱ መለወጥ) ያጋጥማል። ብዙ ቦታ ላይ ካልተስማሙ ግን ነገሩ አለቀ።

ሲኩዌንሲንግ ማለት እነዚህን ፊደሎች በማሽን ማንበብ ነው። ወጪ ለመቆጠብ አንዳንዴ እያንዳንዱ ቦታ በአማካይ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ይነበባል። ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጥጃዋ ኤጂ ሆና ንባቡ ሁለት ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱም ያንኑ አንድ ፊደል የማሳየት ዕድላቸው 50 በመቶ ነው። ሁለቱም ጂ ከሆኑ ጥጃዋ ጂጂ ትመስላለች፤ እውነተኛው አባት ኤኤ ከሆነም «አባቷ አይደለም» ተብሎ ያለ ጥፋቱ ይወጣል። ንባቡ አራት ሲሆን ዕድሉ ወደ 12.5 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ጥሩ ሶፍትዌር ቸኩሎ «ጂጂ ናት» አይልም። የንባቡን ብዛት አይቶ ኤጂ የመሆን ዕድሏንም ያሰላል፣ ከዚያ ኮርማዎቹን ያወዳድራል። እኔ ብሆን ውጤቱን ከመቀበሌ በፊት ስንት ጊዜ እንደተነበበ እጠይቃለሁ።

ኮርማዎቹ ወንድማማቾች ከሆኑ ብዙ ፊደል ስለሚጋሩ ብዙ ቦታ ማየት ይጠይቃል። የእናትየዋ ናሙና ከተጨመረ ሥራው ይቀላል። ናሙናውም ከባድ ነገር አይደለም፤ ከነሥሩ የተነቀለ የጅራት ፀጉር ይበቃል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ጊደሯ ሳይታወቅ ከገዛ አባቷ ብታረግዝ፣ የምትወልደው ጥጃ ከዘር ቦታዎቿ በአማካይ ሩቡ ላይ ከአንድ ምንጭ የመጣ ፊደል በሁለቱም በኩል ይገናኝባታል። ተደብቀው የኖሩ የዘር በሽታዎች ብቅ የሚሉት እንዲህ ሲሆን ነው። ሌላም አለ። ኮርማ አይታለብም፤ የሚመዘነው በሴት ልጆቹ ወተት ነው። የሌላ ኮርማ ልጆች በስሙ ከተመዘገቡ ምርጡ ኮርማ ደካማ ይመስላል፣ ደካማውም ይመረጣል።

ምርመራው ግን የሚያወዳድረው ተጠርጣሪ ኮርማ ሲኖር ነው። አዳቃዩ ሲመጣ ስትሮው (የኮርማው ዘር ያለበት ቀጭን ቱቦ) ላይ የተጻፈውን የኮርማ ቁጥር ከቀኑ ጋር ደብተር ላይ አስፍሩ። የጎረቤት ኮርማ ከገባም እሱንም ጻፉት።