«ከገበያ ይሰብሰብ» የተባለው የትኛው ነው?

ሰሞኑን ደጋግማችሁ ትጠይቃላችሁ። አንድ ምግብ ከገበያ ይሰብሰብ ከተባለ የድርጅቱ ምርት በሙሉ ታገደ ማለት ነው ወይ?

የግድ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሰበሰበው አንድ ባች ነው፤ በአንድ ዙር የተመረተው ማለት ነው። ቁጥሩ ከምርት ቀኑ አጠገብ በደቃቅ ጽሑፍ ይታተማል። መነጽር ያላችሁ አውጡ።

ደብረ ማርቆስ ያለች አንዲት ባለሱቅ የለውዝ ቅቤ አላት እንበል። ከፊሉ ባች 014፣ ከፊሉ 015 ነው። 014 ላይ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ከልክ በላይ ተገኘ ተባለ። 014ን ከመደርደሪያ አውርዳ ለብቻ ታስቀምጥና ለአከፋፋዩ ትመልሳለች። 015ን መሸጥ ትችላለች።

«ኧረ ቀኑ ገና አላለፈም» ማለት ግን አያዋጣም። ቀኑ ስለ መርዙ የሚነግረን ነገር የለም። ማፍላትም አያጠፋውም። ለከብት እንስጠው የምትሉም ተዉት፤ የምትታለብ ላም ከበላችው በወተቷ ይመጣል።

አምራቹ የማይታወቅ፣ አድራሻ የሌለው ምርት ከሆነ ግን ባች አይመረጥም። ሁሉም ይነሳል።

ይህን የማዘዝ ሥልጣን ያለው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011። ይህ እርግጥ ነው። ገንዘባችሁ መመለሱ ግን እንደ ሻጩና እንደ ሁኔታው ይለያያል። ደረሰኝ የያዘ ይሻለዋል። የተጠራጠራችሁትን ዕቃ ሳትጥሉ፣ ማሸጊያውን ይዛችሁ በነጻ መስመር 8482 ደውሉ፤ ወይም ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ጎራ በሉ።