ወባው «የተመለሰው» ለምንድነው? ስለ ቫይቫክስ

ጅማ ካምፓስ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ። «ወባ ታክሜ ድኜ ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰብኝ። መድኃኒቱ አይሠራም ማለት ነው?» ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ የምርመራ ወረቀቱን እዩት። ቫይቫክስ ይላል?

በአገራችን በብዛት የሚያሙን ሁለት ዓይነት ወባዎች ናቸው። ፋልሲፓረም ቶሎ ካልታከመ ይገድላል፤ ደም ውስጥ ያለው ከጠፋ ግን አለቀ። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይተኛል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነቃል። አዲስ ትንኝ ሳትነክሳችሁ ብርድ ብርድ ይላችኋል።

ሁለት መድኃኒት የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። ክሎሮኪን ለ3 ቀን ተወስዶ ደም ውስጥ ያለውን ይገድላል። ፕሪማኩዊን ለ14 ቀን የሚወሰደው ጉበት ውስጥ ለተኛው ነው። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ የሚድ ፈተና ደርሷል፣ የኪኒኑ ላስቲክ ዶርም ውስጥ ትራስ ሥር ተረስቷል። እባካችሁ ጨርሱት። በባዶ ሆድ ሆድ ስለሚያውክ ከካፌ በልታችሁ ስትወጡ ዋጡት።

ፕሪማኩዊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ እርግዝና ከተጠረጠረ ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ቀይ የደም ሴልን ይጎዳል። ሽንታችሁ እንደ ኮካ ከጠቆረ ወይም ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ኪኒኑን አቁማችሁ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ሂዱ። ለጓደኛ ማካፈልም የማይቻለው ለዚህ ነው።

ለመስክ ሥራ ወደ ጊልገል ጊቤ ግድብ አካባቢ የምትወጡ ተማሪዎች፣ አጎበር ከሻንጣችሁ አይጥፋ።