አንቲባዮቲኮችን በስስ ንጣፍ ክሮማቶግራፊ መመርመር

ስስ ንጣፍ ክሮማቶግራፊ በመስታወት ወይም በአሉሚኒየም ገበታ ላይ በስሱ በተለበጠ ዱቄት፣ በአብዛኛው በሲሊካ ጄል፣ አማካይነት በአንድ ድብልቅ ውስጥ ያሉ ውህዶችን ለያይቶ የሚያሳይ የቤተ ሙከራ ዘዴ ነው። የዱቄቱ ንጣፍ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። የሚመረመረው አንቲባዮቲክ በሚስማማው ፈሳሽ ከሟሟ በኋላ ከገበታው ግርጌ ጥቂት ከፍ ብሎ በተሰመረ መስመር ላይ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ይነጠባል። መስመሩ የሚሰመረው በእርሳስ ብቻ ነው፤ የብዕር ቀለም ራሱ ከፈሳሹ ጋር ተለያይቶ ወደ ላይ ይጓዛልና። ነጥቡ ደርቆ ገበታው ጥቂት አሟሚ በያዘና በተከደነ ዕቃ ውስጥ ሲቆም፣ ፈሳሹ በዱቄቱ ውስጥ እየሰረገ ይወጣል፤ ከሲሊካው ጋር አጥብቆ የሚያያዘው ውህድ ወደ ኋላ ሲቀር፣ በፈሳሹ ውስጥ መቆየት የሚቀናው ርቆ ይሄዳል። ውህዱ የተጓዘው ርቀት ፈሳሹ ለተጓዘው ርቀት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር አርኤፍ ይባላል፤ ሁልጊዜም በ0 እና በ1 መካከል ያርፋል።

የዘዴው መነሻ እ.ኤ.አ. በ1938 በዩክሬኗ ኻርኪቭ ከተማ ኢዝማይሎቭ እና ሽራይበር የተባሉ ተመራማሪዎች የመድኃኒት ዕፅዋትን ጭማቂ በመስታወት ላይ በተበተነ ዱቄት ለመለየት ያደረጉት ሙከራ ነው። ዛሬ በሚታወቀው መልኩ ደረጃ ወጥቶለት የተስፋፋው ግን በ1950ዎቹ በጀርመናዊው ኤጎን ሽታል ሥራ ነው። የአንቲባዮቲክ ምርመራ ከዚህ በፊትም በወረቀት ክሮማቶግራፊ ተጀምሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ጉዳል እና ሌቪ የተባሉ ተመራማሪዎች በአንድ ድብልቅ ውስጥ ያሉትን የተለያዩ የፔኒሲሊን ዓይነቶች በወረቀት ላይ ከለዩ በኋላ ወረቀቱን ባክቴሪያ በተዘራበት አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄሊ መሰል ምግብ) ላይ በማሳረፍ ፔኒሲሊኖቹ ያሉበትን ቦታ አግኝተዋል። ይህ አካሄድ በኋላ ወደ ስስ ንጣፉ ተሸጋግሮ ለአንቲባዮቲክ ምርመራ ልዩ መታወቂያው ሆኗል።

አንቲባዮቲክ የሚለው መጠሪያ በኬሚካዊ ባሕርያቸው እጅግ የተራራቁ መድኃኒቶችን በአንድነት ስለሚጠራ፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ አሟሚና ነጥቡን ለዓይን የሚያሳይ አንድ መግለጫ ዘዴ የለም። ቴትራሳይክሊኖች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በአልትራቫዮሌት ጨረር ሥር ቢጫ ብርሃን ስለሚሰጡ ማየቱ ቀላል ቢሆንም፣ በሲሊካው ውስጥ ካሉ ጥቃቅን የብረት ቅሪቶች ጋር ስለሚጣመሩ ያልታከመ ገበታ ላይ ክብ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ረጅም ጭራ ያበጃሉ። በዚህ ምክንያት ገበታው አስቀድሞ ብረቶቹን በሚይዝ የሶዲየም ኢዲቲኤ ሙሙት ይረጫል፤ የሙሙቱ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) ወደ 9 ተስተካክሎ ገበታው ጋደም ብሎ ከደረቀ በኋላ በ110 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ሰዓት ያህል ይሞቃል። ይህ ዝግጅት የተዘለለበት ገበታ ላይ ኦክሲቴትራሳይክሊንን ከዶክሲሳይክሊን እለያለሁ ማለት ጊዜ ማባከን ነው።

ጄንታማይሲንን የመሰሉ አሚኖግላይኮሳይዶች ችግራቸው ሌላ ነው። ውኃ ወዳድነታቸው ከፍተኛ ስለሆነ ለስላሳ አሟሚ ከመነሻ መስመራቸው አያነቃንቃቸውም፤ አልትራቫዮሌት ጨረርም ስለማይመጥጡ በጨረር ሥር አይታዩም። ለጄንታማይሲን ከሚታወቁት አሟሚዎች አንዱ እኩል መጠን ያላቸው ክሎሮፎርም፣ ሜታኖል እና የተከማቸ አሞኒያ አብረው ተንጠው ሁለት ንብርብር ሲሆኑ የሚወሰደው የታችኛው ፈሳሽ ነው። ከጉዞው በኋላ ኒንሃይድሪን የተባለ ቀለም አውጪ ኬሚካል ተረጭቶ ገበታው ሲሞቅ የመድኃኒቱ ክፍልፋዮች እንደ ሐምራዊ ነጥቦች ይወጣሉ፤ ጄንታማይሲን ከመነሻው የተቀራረቡ ውህዶች ድብልቅ በመሆኑ ከአንድ በላይ ነጥብ ማሳየቱ ጉድለት ሳይሆን የሚጠበቅ ነው።

ለፔኒሲሊኖች ደግሞ የስታርችና የአዮዲን ዘዴ አለ። ያልተጎዳ ፔኒሲሊን አዮዲንን አይወስድም፤ ነገር ግን በአልካሊ የሞለኪዩሉ እምብርት የሆነው የቤታ ላክታም ቀለበት ሲከፈት የሚፈጠረው ፔኒሲሎይክ አሲድ አዮዲኑን ይወስዳል። ስለዚህ ገበታው አልካሊ የሆነው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከተረጨ በኋላ በስታርችና በአዮዲን ሲረጭ፣ ሰማያዊ በሆነው ገጽ ላይ ፔኒሲሊኑ ያለበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የአልካሊው እርጭት ሲቀር ነጭ የሚሆነው አስቀድሞ የተበላሸው ክፍል ብቻ በመሆኑ፣ ሁለቱን ገበታዎች ማነጻጸር የመድኃኒቱን ጤንነት ጭምር ይናገራል። ኤሪትሮማይሲንና ሌሎች ማክሮላይዶች በአኒስአልዲሃይድና በሰልፈሪክ አሲድ ቅይጥ ተረጭተው ሲሞቁ ቀለም ያወጣሉ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሰሉ ፍሎሮኪኖሎኖች በጨረር ሥር በራሳቸው ሰማያዊ ያበራሉ፤ ሪፋምፒሲን ቀይ ስለሆነ ምንም መግለጫ አያሻውም።

ይህን ዘዴ ከሌሎች የሚለየው ትልቁ ነገር ግን ባዮአውቶግራፊ፣ ማለትም የውህዱን ቦታ በባክቴሪያ አማካይነት ማሳየት፣ ነው። ተጓዡ ፈሳሽ ከተነነ በኋላ ሁሉም ውህዶች በገበታው ላይ ቦታቸውን ይዘው ስለሚቀሩ፣ ባሲለስ ሰብቲሊስን ወይም ስታፊሎኮከስ ኦሬየስን የያዘ ቀለል ያለ አጋር በላያቸው ሊፈስስ፣ ወይም ገበታው ራሱ በባክቴሪያ ሾርባ ውስጥ ሊነከር ይችላል። ገበታው እርጥበት ባለው ዕቃ ውስጥ በሙቀት ካደረ በኋላ ኤምቲቲ የተባለው ቢጫ ቀለም ይረጫል፤ ሕያዋን ባክቴሪያዎች ይህን ወደ ሐምራዊ ሲለውጡት፣ አንቲባዮቲኩ ባክቴሪያውን የገደለበት ወይም እድገቱን ያገደበት ቦታ ፈዝዞ ይታያል። በዚህ መንገድ የኬሚስትሪው ጥያቄና የሕይወቱ ጥያቄ በአንድ ገበታ ላይ ይመለሳሉ፦ ውህዱ የት ነው፣ አሁንስ ይሠራል? ከአፈር የተገኙ ስትሬፕቶማይሲስ ባክቴሪያዎች ያመነጩትን ጭማቂ ለሚመረምር ሰው ይህ ጠቃሚ ነው፤ በርካታ ነጥቦች ካሉበት ጭማቂ ውስጥ ባክቴሪያውን የሚያግደው የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይታወቃልና፣ ድካሙም በዚያ ነጥብ ላይ ይሆናል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ከአሟሚው የተረፈ አሲድ ወይም አሞኒያ ባክቴሪያውን ራሱ ሊገድል ስለሚችል፣ ገበታው እስከ መጨረሻው መድረቅ አለበት፤ ናሙና ሳይነጠብበት በዚያው አሟሚ የሄደ ባዶ ገበታም አብሮ መታየት ይኖርበታል። የፈዘዘው ክብ ስፋትም ከመድኃኒቱ መጠን ጋር በቀጥታ አያድግም፤ የሚከተለው የመጠኑን ሎጋሪዝም ስለሆነ፣ ክቡ በእጥፍ ሰፋ ማለት መድኃኒቱ በእጥፍ በዛ ማለት አይደለም።

ሌላው ሰፊ አገልግሎቱ ሐሰተኛና ከደረጃ በታች የሆኑ መድኃኒቶችን ማጣራት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ10 የሕክምና ምርቶች አንዱ ያህል ሐሰተኛ ወይም ከደረጃ በታች ሲሆን፣ አንቲባዮቲኮች ብዙ ሪፖርት ከሚቀርብባቸው ምድቦች መካከል ናቸው። በጀርመን የተዘጋጀው ሚኒላብ የተሰኘ ተንቀሳቃሽ ቤተ ሙከራ በዚህ ዘዴ ላይ የቆመ ነው፤ የተመርማሪው ጽላት ሙሙት መቶ በመቶና 80 በመቶ ከሆኑ የማነጻጸሪያ ሙሙቶች ጎን ይነጠብና የነጥቡ ቦታ፣ መጠንና ድምቀት በዓይን ይነጻጸራል። መድኃኒቱ ጨርሶ የሌለበት፣ በሌላ ነገር የተተካ ወይም በግማሽ የጎደለ ጽላት በዚህ ይያዛል። በጥቂቱ ብቻ የጎደለው፣ ወይም መጠኑ ሙሉ ሆኖ በሆድ ውስጥ የማይሟሟው ጽላት ግን ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ውጤቱ አጠራጣሪ የሆነ ናሙና ወደ ሙሉ ቤተ ሙከራ ተልኮ መጠንን በትክክል በሚለካው የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ መሣሪያ ይረጋገጣል።

መጠንን በትክክል ማወቅ ሲፈለግ የነጥቡን ድምቀት የሚለካ ዴንሲቶሜትር የተባለ መሣሪያ፣ ከእርሱም ጋር 5 ማይክሮ ሜትር ያህል ቅንጣት ያለው የተሻሻለ ገበታ ይሠራበታል። አርኤፍ በእርጥበት፣ በሙቀትና በዕቃው ውስጥ ባለው የአሟሚ ትነት ስለሚለዋወጥ፣ ከመጽሐፍ የተገኘ ቁጥር ለብቻው ማስረጃ አይሆንም፤ ማነጻጸሪያው ሁልጊዜ በዚያው ገበታ ላይ አብሮ መሄድ አለበት። ሁለት የተለያዩ አንቲባዮቲኮች በአንድ አሟሚ እኩል ሊጓዙ ስለሚችሉም፣ ጥንቁቅ መርማሪ ያንኑ ናሙና ባሕርዩ በተለየ ሁለተኛ አሟሚ ደግሞ ያስኬደዋል።